ክኒኑ ቢጫ በመሆኑ ከተደበደብን ሰዎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመድኃኒት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከነደም ግፊትዎና ከነስኳርዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከተሰበረው ጣትና ከወለቀው ጥርስ በቀር እጅግ ደህና ነን። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ባለፈው ሰኞ ደጅዎ ላይ ግንባሯ የተፈነከተው የልብስ ተኳሿ ልጅ ነኝ። ትልቅ ሰው መውቀስ ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ፣ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. እናቴ የምትውጠውን የኤች አይ ቪ ክኒን፣ ማለትም ከባለ ብራንዱ ጋር ያው ሆኖ ዋጋው የረከሰውን ጄኔሪክ፣ ፋብሪካው ቀለሙን ከነጭ ወደ ቢጫ ስለቀየረው ብቻ «እንደ አዲስ ይመዝገብ» ብለው አራት ወር መጋዘን ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። በነዚሁ ወራት የእናቴም ፊት ቢጫ ሆኗል፤ እሷም እንደ አዲስ መመዝገብ ይኖርባት እንደሆነ ቢያሳውቁን።

2. የመጋዘኑ ኪራይ በየቀኑ ዋጋው ላይ ስለሚደመር፣ ገበያው ላይ ብቻውን የቀረው የባለ ብራንዱ አስመጪም ያሻውን ዋጋ ስለሚጠራ፣ እናቴ ክኒኗን ቀን እየዘለለች መዋጥ ጀምራለች። ነርሷ ስትሰማ «አንቺ ሴትዮ፣ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ እንዲስቅብሽ ነው?» ብላ ጮኸችባት። ነርሷ እርስዎን ስለማታውቅ ይቅር ይበሏት።

3. ሰኞ ዕለት ልንጠይቅዎ ስንመጣ በስድስቱ ዘበኞችዎ እጅ ስለታደለን ዱላ እናመሰግናለን። ከቢሮዎ ያለ ምዝገባና ያለ ወረፋ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መርፌ የሚይዝባቸው ሦስት ጣቶቹ ተሰብረዋል። እናቴ ወድቃም ቦርሳዋን ሆዷ ስር ደብቃ ጭንቅላቷን ለዱላ ተወችው፤ የክኒኗ ብልቃጥ ቦርሳው ውስጥ ነበራ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ «ስንቱን ልወልውል፣ ወደዚያ ሄዳችሁ ድሙ» አለችን።

4. ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መስኮትዎን የሰበረው ድንጋይ የእኔ ነው። ያነጣጠርኩት መስኮቱን አልነበረም፤ ለዚህ ስህተቴ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

5. በነጋታው ከዘበኞችዎ አንዱ ቤታችን መጣ። እኔ የመጥረጊያውን እንጨት አነሳሁ። እሱ ግን ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ «እትዬ፣ የኔም አልቋል» አላት። እናቴ «አስቀምጪው» አለችኝና፣ በፋሻ እንደተጠመጠመች ሰባት ፍሬ ቆጥራ ሰጠችው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አይድከሙ፤ ስድስቱም እኩል ነው የሚማቱት።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ እጅዎ ፊርማው ላይ እስኪደርስ ብዙ ዕድሜ ያስፈልግዎታል።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
የተኳሿ ልጅ

ግልባጭ፦
ለስድስቱ ዘበኞች

ማሳሰቢያ፦ እናቴ የቀራት አሥራ አንድ ፍሬ ስለሆነ፣ የፊታችን ሰኞ ተመልሰን እንመጣለን። ከሞተረኛው ጎረቤታችን አንድ ሄልሜት ተውሰንላታል። ለሌላው አካሏ የሚሆን ስላላገኘን፣ ዘበኞችዎ ጭንቅላቷን ብቻ እንዲመቱ ትእዛዝ ቢሰጡልን ውለታዎን አንረሳም።