የተኳረፉ ክሮች

ጥቅምት 6
የእማዬን ግራጫ ሹራብ ይዤ መጣሁ፣ ልጠግንልሽ ብዬ። ውሸቴን ነው። ከተሰበረ ሞባይል የነቀልኳትን ቫይብሬት የምታደርግ ሞተር እጅጌው ውስጥ ልሰፋበት ነው። የበሩ ደወል ሲጫን፣ በገመድ አልባ ምልክት የእጇን አንጓ እንድትነዝራት። ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ ደወል የት ሰምታ...

ታላቅ ወንድሜ፣ ዳኛው ነው የምንለው፣ ፈርዷል። «ደወል እንኳ አትሰማም፤ ወሩ ሲያልቅ እኔ ጋ ትገባለች፤ ቤቱም ይከራያል።» እሷን ማን ጠየቃት?

ጥቅምት 9
ስሰፋ ዋልኩ። ክሩ ብር ይመስላል፣ እንደ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ግን ሲያስቸግር! ድሮ እማዬ ስትሰፋ ከስፌት መኪናዋ ስር ቁጭ ብዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅም ነበር። እያንጎራጎረች ፔዳሉን ትረግጣለች። ደንበኛ ገና ደረጃውን ሲወጣ፣ ቀና ሳትል «ግቡ!» ምን ዓይነት ጆሮ ነበር... ናፈቀችኝ። እዚሁ እያለች ናፈቀችኝ።

ጥቅምት 12
ሠራ! ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ። ምንነቱን ነገ እነግራታለሁ ብዬ አለበስኳት።

ጥቅምት 13
ጉድ ሆንኩ። ሹራቡ ጸጥ። ባትሪው ግሏል። ገልብጬ ሳየው፣ ለያይቼ የተውኳቸውን የሁለቱን ክሮች ጫፍ አንድ ላይ ቋጥራዋለች! ልብስ ሰፊ ናት፤ የተንጠለጠለ ክር አይታ መቼ ታልፋለች?

«የኔ ልጅ ሆነሽ ክር ታንጠለጥያለሽ? አሳፈርሽኝ!»

ጆሮዋ ስር ጮኬ፣ «እማዬ፣ እነዚህ ሁለቱ ተኳርፈዋል! ከተነካኩ አለቀልን!»

«እንዳንቺና እንደ ወንድምሽ በይኛ።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። እጅጌውን ዳበሰች።

«እዚሁ ቤቴ እንድቀር ነው?»

«አዎ።»

መነጽሯን ፈለገች። ቋጠሮውን ፈትታ፣ በክሮቹ መሃል ገበር አስገብታ ራሷ ሰፋችው። ስትሰፋ ታንጎራጉራለች። ድምጿን አትሰማውም... ዜማው ግን ያው የድሮው ነው። አንጀቴን በላችው።

ጥቅምት 28
እማዬ ቤት አድሬ ሳለ ዳኛው ሊወስዳት መጣ። የራሱ ቁልፍ ስላለው ደወሉን የሚጫነው ለወጉ ያህል ነው። እኔ ካልጋ ላይ ሳልነሳ እማዬ ብድግ ብላ ከፈተችለት። ቁልፉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እንዴት...?»

መዳፏን ዘረጋች።

«ቁልፌን አምጣ። ከእንግዲህ እንደ ሰው ደውለህ ትገባለህ።»

ሰጣት።