ካንዴላ የሌለበት መኪና

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ የተጠቀምኩበት ስለምትነዳቸው መኪኖች ዋጋ ሳወራ ብቻ ነበር። ላንተ ስጽፈው እጄ አልታዘዝ አለኝ። ግን ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው፣ እኔም ሌላ አጀማመር አላውቅም። ተናድጄ እንደምጽፍልህ ከመጀመሪያው እወቀው። በኩባንያህ ተናድጃለሁ፣ በክፍል ጓደኛዬ ተናድጃለሁ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተናድጃለሁ። ዞሮ ዞሮ ግን ንዴቱ አንተው ላይ ነው የሚያርፈው፤ «አንድ ዙር ብቻ» ሲሉህ እሺ ያልከው አንተ ነህና።

ከሞትክ ወዲህ የሆነውን የሚነግርህ ስለሌለ እኔ ልንገርህ። ለሞተሩ ነፍስ ይማር አሉለት።

እየቀለድኩ አይደለም። ኩባንያው የቤንዚኑን ስፖርት መኪና ማምረት እንዳቆመ፣ ከእንግዲህ የሚወጣው ኤሌክትሪኩ ብቻ እንደሆነ ባስታወቀ ጊዜ ያንን አንተ የነዳህበትን የመሰናበቻ ፊልም ለቀቀው። ከጎማው ጭስ እየተነሳ፣ ሞተሩ እያገሳ ኩርባውን ስታልፍ ይታያል። ፊትህ አይታይም፤ ሄልሜትህ ብቻ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ይጠቁርና «ስለ ድምፅህ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ለሞተሩ ነው የተጻፈው። ከሥር ደግሞ ሰው ይጽፋል፤ «ነፍስ ይማር»፣ «እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ»፣ «ወንድሜን ያጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ»። የመጨረሻዋን የጻፈው ሰውዬ የት እንደሚኖር ባውቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ከእስር ቤት ነበር የምጽፍልህ።

ፊልሙ ላይ ያለው አንተ በደህና የጨረስካቸው ዙሮች ናቸው። የሚቀጥለው ዙር አልገባም። ኩባንያው የሙከራ ነጂው በሥራ ላይ እያለ መሞቱን ለብቻው፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በሁለት መስመር አወጣው። ሞተሩ ፊልም አገኘ፣ አንተ ሁለት መስመር።

ትምህርት ቤት ከኋላዬ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ ፊልሙን ከዴስኩ ሥር ስልኩ ላይ ያይ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎታል፤ እኔ ግን ገና ማርሽ ስትቀንስ አንተ መሆንህን አወቅኩ። ልጁ ክፋት የለውም፣ የነዳው ማን እንደሆነም አያውቅም። «በቃ ሊጠፋ ነው እኮ፣ አንጀት ይበላል» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ስልኩን ነጥቄ በመስኮት ወረወርኩት። ርዕሰ መምህሩ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ለመኪና ስላለቀሰ ነው አልኳቸው። የማሾፍባቸው መስሏቸው እማዬን አስጠሩብኝ።

ካንዴላ ያልከኝ ለዚህ አይደል? አንድ ቀን ከሞተር ውስጥ የወጣች፣ ጫፏ የጠቆረች ትንሽ ብረት መዳፌ ላይ አስቀምጠህ፣ ቤንዚኑን የምትለኩሰው ይቺ ናት፣ አንተን ነው የምትመስለው፣ ትንሽ ናት፣ ግን እሷ ካልተቆጣች ምንም ነገር አይነሳም አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርተኸኝ አታውቅም።

ያን ጊዜ ቤታችን የሚመራው በሞተር ድምፅ ነበር። መኪኖቹን ለመንገድ ሙከራ ይዘህ ምሳ ስትመጣ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ያለው ኩርባ ላይ ፍሪሲዮን ረግጠህ ቤንዚኑን ሁለቴ ትነካው ነበር። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዘም ያለ። እማዬ ናት ትርጉሙን ያወጣችው። «መ-ጣሁ ይላል» አለች፤ በቃ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም። ድምፁን ስትሰማ የጀመረችውን ትታ ብድግ ትልና ድስቱን ትጥዳለች። አንተ መኪናውን አቁመህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ፎጣው የት ገባ የሚለውን ጭቅጭቅህን ጨርሰህ ስትገባ ምግቡ ሞቋል። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መንገድ ላይ ሲያገኙህ፣ የልብ መድኃኒት ገዢ እያበዛህልኝ ስለሆነ ኮሚሽን ልክፈልህ እንዴ ይሉህ ነበር።

ኤሌክትሪኩ ሲመጣ መጀመሪያ ያፌዝክበት አንተ ነህ። «ማቀዝቀዣው» ነበር የምትለው። ዛሬ ማቀዝቀዣ ስነዳ ዋልኩ፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ በሩን በደንብ ዘግቼዋለሁ፣ እያልክ ታስቀን ነበር። እኔም አንተን አምኜ ትምህርት ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚለውን ስም አዳረስኩት። በስሜ ምለህ የገባህበት ክርክር ይመስል ለቤንዚኑ ከስንቱ ጋር ተጣላሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት እማዬ ዕቃ እያጠበች፣ እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ አንተ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመህ ተገኘህ። በማቀዝቀዣው ነበር የመጣኸው። እማዬ ዞር ስትል ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ሌባ ነህ እንዴ፣ ሰው ድምፅ ያሰማል ብላ ተቆጣችህ። ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር። አንተ እየሳቅክ እንደቀዘቀዘ በላኸው። ያኔ ነው ወደ ማቀዝቀዣው ወገን እንደዞርክ የገባኝ።

ከምሳ በኋላ አስገባኸኝ። ከኩርባው እንደወጣን ነዳጁን ረገጥክ፤ ነዳጅ እንኳ አይደለም ለካ፣ ስሙን ምን እንደምለው አላውቅም። ሆዴ መድኃኒት ቤቱ ጋ ቀረ፣ እኔ ብቻ ሄድኩ። ወዲያው ቀስ አድርገኸው መስኮቱን ከፈትክ። የጎማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎም አንዲት ሴትዮ ልጇን ስትጠራ ሰማሁ፣ ከዚያ አንተ ስትተነፍስ። ስንት ዓመት አብረን መኪና ውስጥ ስንቀመጥ ስትተነፍስ ሰምቼህ አላውቅም ነበር። ይህን ያኔ አልነገርኩህም። ያኔ ያልኩህ ከዳተኛ ነው።

አልተቆጣህም። ተሳስቼ ነበር፣ ይሄኛው ይበልጣል፣ ጩኸቱን ስለወደድኩት ነው እንጂ ጩኸቱ መኪናው አይደለም አልከኝ። ሞተሩ ካንዴላ የለውም አልኩህ፤ እንደዚህ ዓይነት የሞኝ ክርክር ነበር የቀረኝ።

«አዎ፣ የለውም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«አንተማ ሰው ሁን» አልከኝና ፀጉሬን አመሰቃቀልከው።

የመሰናበቻው ፊልም በሚቀረጽበት ቀን ጠዋት ጫማህን እያሰርክ፣ ዛሬ ቲያትር ልሠራ ነው፣ ጩኸት ወዳዶችን አስለቅሼ እመጣለሁ አልክ። አንተ ራስህ በማታምንበት ነገር። ለዚህ ነው ንዴቴ የማይበርደው። ለምትወደው ነገር ብትሞት ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ምንም ዓይነት ሞት አይሻልም። ግን ከልብህ አውጥተህ የጣልከውን ነገር ለሌሎች ለቅሶ ማሟያ ስትነዳ ነው የሞትከው። እማዬ ምሳ ትመጣለህ ወይ ስትልህ እመጣለሁ አልካት። እንግዲያው ድምፅ አሰማ አለችህ።

የድምፅ ባለሙያው ጓደኛህ፣ አንተ «ጆሮ» የምትለው፣ የሆነውን ነግሮናል። ቀረጻው አልቆ ነበር። ጭሱ ሳሳ፣ ወፈር ያለ ጭስ ያስፈልጋል አሉ ቀራጮቹ። ጎማው አልቋል ብለህ በሬዲዮ ነግረሃቸዋል፤ ጆሮ በጆሮው ሰምቷል። አንድ ዙር ብቻ አሉህ። አንተ እሺ አልካቸው። ጎማ በጣትህ ዳሰስ አድርገህ ዕድሜውን የምትናገር ሰውዬ፣ እኔን ብስክሌት ላይ ያለ ሄልሜት ስላየኸኝ አንድ ሳምንት ያኮረፍክ ሰውዬ፣ እሺ አልካቸው። እምቢ ማለት እኮ አንድ ቃል ናት። ለእኔ ስትላት አፍህ አይደክምም ነበር።

አሁን ወደዚህኛው ጉድ ልምጣ።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ የኩባንያው ኃላፊ ቤታችን መጣ፣ ጆሮን አስከትሎ። አንተ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አያውቅም፣ ግን አላስነሳሁትምና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኤሌክትሪኩ ዝም ማለቱ ገዢዎችን ቅር እንዳሰኘ አስረዳን። ስለዚህ በስፒከር ድምፅ ይሰጡታል፤ ባለቤቱ ወደ መኪናው ሲቀርብ መኪናው በሚያምር የሞተር ድምፅ ይቀበለዋል። አስበው፣ ሞተሩን ቀብረው ድምፁን ለገዳዩ ሰጡት። ድምፁን የቀዳው ጆሮ ነው፣ አንተ በነበርክ ጊዜ፣ ወርክሾፕ ውስጥ። የፈለግከውን አድርግ ሲልህ ያደረግከውን አንተ ታውቀዋለህ። ኃላፊው ልጅዎ በየመኪናው ውስጥ ሕያው ሆኖ ይኖራል አለ፤ የእማዬን ፈቃድ ለአክብሮት ያህል ለመጠየቅ ነው የመጣው። ከዚያ ጆሮን አዘዘው፣ ጆሮም አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ተጫነ።

መ-ጣሁ አለ።

እማዬ ብድግ አለች። ማንንም አላየችም። ወጥ ቤት ገባች፣ ድስቱን አነሳች፣ ምድጃውን ለኮሰች።

«እናታችን፣ ለእኛ ብለው አይቸገሩ» አለ ኃላፊው ከኋላዋ። «አንቆይም።»

ሲናገር ፈገግ ብሎ ነበር። ደሜ ፈላ፤ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ከዚህ ቤት ውጡ ማለት ጀመርኩ፣ ሌላም ብዙ አልኩ፣ ሁሉንም አልጽፈውም።

«ካንዴላ፣ ዝም በል» አለች እማዬ ከወጥ ቤት።

በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ያንተ ነበር። ተቀመጥኩ።

ምድጃውን ስታጠፋ ቀጭ ሲል ሰማሁት። እጇን በፎጣ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመችና እነዚህን መኪኖች ብዙ ትሠራላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። ኃላፊው ጥያቄው ደስ አለው፤ በሺዎች ነው አላት።

«በዚህ መንገድም ያልፋሉ?»

«እንዴታ፣ በየትም ያልፋሉ።»

«ታዲያ እኔ ስንት ጊዜ ልነሳ?»

ኃላፊው አልገባውም። የገባው ጆሮ ነው፤ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁ በሕግ የኩባንያው ንብረት እንደሆነና ሳይጠይቁም ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ በትሕትና ተናገረ። እንደዚህ ዓይነቱን ትሕትና ከምሰማ ስድብ እመርጣለሁ።

«ይሄ የሞተር ድምፅ አይደለም» አለ ጆሮ። «እናቱን እያናገረ ነው።»

ኃላፊው ስለዚህ ጉዳይ ቢሮ እንነጋገራለን አለው። ጆሮ መሣሪያውን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ቀድሞት ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግረን አልነበረም። ጆሮ ስልኩን አያነሳም። መኪናው ለገበያ ከወጣ ጀምሮ እማዬ መንገድ ዳር ያለውን መስኮት ዘግታ ነበር የምትውለው፤ በዚያ ሙቀት።

ባለፈው ቅዳሜ አየሁት። ቀይ ነው። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ባለቤቱ ውስጥ ገብቷል። እኔ የግቢያችን በር ላይ ነበርኩ። ቤት ውስጥ እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ መስኮቱ ያን ቀን ክፍት ነበር። ሮጬ ልዝጋው ወይስ ሰውዬውን ወደ መኪናህ አትቅረብ ልበለው፣ መወሰን አቃተኝ። ሰውዬው መድኃኒቱን በኪሱ ከትቶ ወጣና ቀረበ።

መኪናው እ-ህም አለ። ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ። ሌላ ምንም። ከዚያ ኩርባውን ታጥፎ ሄደ።

ጆሮ ቃል ሳይገባልን ቃሉን ጠብቋል። ከትፍ ከትፍ የሚለው ቢላዋ አላቆመም፣ እማዬ አልተነሳችም። ይህን ነበር የፈለግኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ መኪናውን ተከትዬ ሮጥኩ። ኩርባው ላይ ስደርስ መንገዱ ባዶ ነው። እንዲጮህልኝ ፈልጌ ነበር ለካ። እንዳይጮህ ስለት የተሳልኩበትን ነገር፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ብቻ። አንድ ዙር ብቻ። እዚያው ቆሜ ሰደብኩህ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ወጥተው አዩኝ፤ ተመልሰው ገቡ።

ስመለስ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አጠገቧ ስደርስ ደነገጠች፤ ሽንኩርቱ ተበተነ።

«ሌባ ነህ እንዴ? ሰው ድምፅ ያሰማል» አለችኝ።

ከሞትክ ጀምሮ እቤት የምገባው ድምፄን አጥፍቼ እንደሆነ ያኔ ነው የታወቀኝ። በሩን ሳላንኳኳ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ወደ ግቢው በር ተመልሼ ወጣሁ። ቆም አልኩና፣ አጭሩን አሳጥሬ፣ ረዥሙን አስረዝሜ፣ «መ-ጣሁ» አልኩ። ድምፄ ጎርናና ሆኗል፣ አንተ አልሰማኸውም።

ቢላዋው ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ምድጃው ተለኮሰ።

ነፍስ ይማር አልልህም። ቃሉን ለብረት ጨርሰውታል፤ ሌላ እስካገኝልህ ድረስ ታገሠኝ። ይቅርም አላልኩህም። መንጃ ፈቃድ የማወጣበት ዕድሜ ሲደርስ በማቀዝቀዣ ነው የምማረው፣ ሌላ የለም። ጎማዬን በጣቴ ዳስሼ አልቋል ካልኩ ግን አልቋል፤ ማንም እሺ አያሰኘኝም።

ሰው ለመሆን እየሞከረ ያለው፣
ካንዴላህ