ቀጠሮ ሳልሰጥ የሸኘኋቸው ሽማግሌዎች

ኦክላንድ፣ ሰኞ ግንቦት 6 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ፈተናሽስ እንዴት ሆነ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሊፍት ሲያንቀሳቅስ ለሚውል ሰው ይህ በሽታ አይባልም።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደወልኩልሽ። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ሁልጊዜ «የለችም» ትለኛለች፤ የሌለችው ልጅ ግን ከኋላዋ ስትስል ይሰማኛል። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትቅደጂው፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ።

መቼም ታውቂኛለሽ። እንግሊዝኛን የተማርኩት መርከብ ላይ ሳህን እያጠብኩ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ስለዚህ ያቺን ቋንቋ በላቤ ያገኘኋት ንብረቴ አድርጌ አያታለሁ፤ ባለቤቶቿ ሲያበላሿት ከእነሱ ይልቅ እኔ እናደዳለሁ። አንቺም ሳን ሆዜ ከገባሽ ወዲህ ኮል አድርግልኝ፣ ቼክ አደርገዋለሁ እያልሽ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ድስት መቀቀል ጀምረሻል፤ እሱን በሌላ ጊዜ እንጣላበታለን።

ሊፍት ውስጥ የማልሰማው የለም። አንዱ ሸክላ መሥራት ስለጀመረ፣ ወድጄዋለሁ ለማለት፣ ሸክላ «ውስጥ ነኝ» ይላል። አንዷ ዝናብ ጣለ ሲሏት «ፋር አውት» ትላለች፣ ድንቅ ነው ማለቷ ነው፤ ቤትሽ ተቃጠለ ቢሏትም ያንኑ የምትል ይመስለኛል። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከጥር ወዲህ ለሚወርደው ሰው ሁሉ «ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ» በል ብሎ አዞኛል። ከሥራ የተባረረ ሰው ዕቃውን በካርቶን ተሸክሞ ሲወርድም በል ነው። አላልኩም፣ አልልምም። «መልካም ውሎ እመኝልዎታለሁ፣ ጌታዬ» እላለሁ፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ከነባለቤቱ፣ ከነማሰሪያው። ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል።

ይህን የማነሳው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ያን ቅዳሜ አንቺን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች በምን ዓይነት ጆሮ እንደተቀበልኳቸው እንድታውቂ ነው። በወጉ መሠረት አንቺ ስላልነበርሽ የሰማሽው ከወዳጅሽ ከዴኒስ አፍ ብቻ ነው። አሁን ከእኔ ስሚ።

አባትሽ በደብዳቤ ስለወከለኝ በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። ብቻዬን ሽማግሌ መቀበል ስለማይሆን ጎረቤቴን ክፍሌን፣ ያን በርክሌይ የሚማረውን፣ ከጎኔ አስቀመጥኩት። በዘጠኝ ሰዓት በሩ ተንኳኳና አራት ሆነው ገቡ፤ ዴኒስ ራሱ፣ የሚሠራበት የቴሌቪዥን መጠገኛ ባለቤት ሚስተር ዊትከም፣ ሁለት ጓደኞቹም። አግቢው ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ አልነገርሽውም። ሽማግሌ ማለት ጢም ያለው ነው ብለሽ እንደነገርሽው ግን እርግጠኛ ነኝ፤ የሁለቱ ጓደኞቹ ጢም ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ደረታቸው ላይ ተኝቷል። ክፍሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጋሼ፣ እነዚህ ሚስት ሊለምኑ ነው ወይስ ሊመነኩሱ የመጡት? አለኝ። ሳቄን በመሐረብ ሸፈንኩት።

ሚስተር ዊትከም ግን ማን እንዳስተማራቸው እንጃ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ እስኪባሉ ቆሙ። ምን እግር ጣላችሁ? አልኳቸው። ይህ ልጅ ሰባት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፣ አንድ ቀን አልዋሸኝም፣ የእህትህን ልጅ ይወዳታል፣ ልጅህ አድርገው አሉኝ። አጭር፣ የጠራ እንግሊዝኛ! ልቤን ነኩኝ። ወዲያው አንደኛው ጢማም ጣልቃ ገብቶ ሁለቱ በጣም «ሪሌት» ያደርጋሉ አለ፤ ይግባባሉ ማለቱ ነው፣ ቃሉ ግን ለዝምድናም ይሆናል። ተንኮሌ ተነሳ። ዝምድና ካላቸውማ ጋብቻው ክልክል ነው፣ እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር፣ በእናት ነው በአባት? አልኩት። ምስኪኑን ላብ አጠመቀው። ክፍሌ በጉልበቱ ጎሸመኝ።

ከዚያ የሚባለውን አልኩ። ልጃችን ገና ተማሪ ናት፣ አይሆንም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የመጣ ሽማግሌ እሺ አይባልም። ልጂቱ የረከሰች እንዳትመስል፣ የጠያቂውም ጽናት እንዲታይ፣ አይሆንም ይባልና የመመለሻ ቀጠሮ ይሰጣል። እነሱ ግን አይሆንም ከተባለ በቃ በሚባልበት አገር ያደጉ ሰዎች ናቸው። የሚስተር ዊትከም ኮፍያ እጃቸው ላይ ተጨማደደ። ዴኒስ ብድግ አለ። «ዛትስ ኩል» አለኝ። ግድ የለም ማለቱ ነው፤ ስኳር አልቋል ሲባል የሚባለውን። ጨበጠኝና «ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብሎ ወጣ።

እንዴት እንደበገንኩ! ሚስት ተከልክሎ ግድ የለም የሚል ሰው ሚስቱ ስትታመም ምን ሊል ነው? ብዬ ክፍሌ ላይ ጮህኩበት። ክፍሌ እስክጨርስ ጠበቀና፣ ጋሼ፣ ልጁን ይተዉት፣ ቀጠሮ ያልሰጡት እርስዎ ነዎት አለኝ። ንዴት አስረሳኝ አልኩት።

ለክፍሌ ያልኩት ይህን ነው። ለአንቺ ግን ይህንኑ ልጽፍ ብዬ ብዕሬ እምቢ አለ፤ ሦስት ወረቀት ቀድጄ አራተኛው ላይ ነኝ። ልጁ ያናደደኝን ቃል የተናገረው እኔ አይሆንም ካልኩ በኋላ ነው። በመካከሉ ጊዜ ነበር፤ የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ሰምቻለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ቃሉም አፌ ላይ ነበር። ዴኒስ ኦሪገን ሄዶ ከወንድሙ ጋር ሱቅ ሊከፍት ያስባል ብለሽ የነገርሽኝ በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ነበር። ኦሪገን ሩቅ ነው፤ ዝናብም ይበዛል ይላሉ።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ወረድኩ፤ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ የዴኒስ መሥሪያ ቤት ወዳለበት ካምቤል ገባሁ። የሴት ወገን ሽማግሌ ወደ ወንዱ ደጅ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። እንግዲህ እኔ ጀመርኩት።

ዴኒስን ያገኘሁት ጭንቅላቱን አንድ የተከፈተ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ከቶ ነው። ሲያየኝ መበየጃውን አስቀምጦ ቆመ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ፣ ለምን ግድ የለም አልክ? ብዬ ጠየቅኩት። መመለስ ጀመረ። «ላይክ» አለ። «ዩ ኖው» አለ። እንደ ልማዴ ትርፍ ቃሎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ዘጠኝ ላይ ስደርስ አየሁት፤ ሆዱ የተዘረገፈውን ቴሌቪዥን ማብሪያ እያጠፋ ያበራል። መቁጠሬን ተውኩት። የሰነፍ አነጋገር ይመስለኝ የነበረው፣ ቃል የጠፋበት ሰው የሚደገፈው ነገር ኖሯል። የዚህ ልጅ እንዲያ ነው ማለቴ ነው፤ ሊፍት ውስጥ ያሉትን አልማርኳቸውም።

በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ አባቴ ሰው ፊት አታልቅስ ብሎ ነው ያሳደገኝ፤ ያንን ካላልኩ አልቅሼ ነበር። ሚስተር ዊትከም ከኋላ ሆነው፣ ያን ቀን መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ቁልፉን ማስገባት አቃተው አሉ። ቀጠሉና፣ አንተ ሰውዬ ልብ የለህም? አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወጉን አስረዳሁት። አይሆንም የሚባለው ለወጉ ነው፣ ተመላልሶ መጠየቅ ያንተ ፋንታ ነው አልኩት። ስንት አይሆንም አለ? አለኝ። እስከ ሦስት ይደርሳል አልኩት። ፊቱ ፈካ። እንግዲያው ሁለት ይቀርዎታል ማለት ነዋ! አለኝ። ሁለቱንም ትቼልሃለሁ አልኩት።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ቅዳሜ ግንቦት 18 ቀን በዘጠኝ ሰዓት፣ ከነሚስተር ዊትከም፣ ከነጢማሞቹ ይመጣሉ። ክፍሌም ይኖራል። በአንድ ጊዜ እሺ እላለሁ፣ ቀልድ ሳልጨምር። ልጁ ጨዋ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደነበረ ለአባትሽ ዛሬ ጽፌአለሁ። እናትሽ ወግ አፈረስክ ብላ ብትነሳብኝ መልሱን ለእኔ ተዪው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ኦሪገንንም ካርታ ላይ ፈልጌ አይቼዋለሁ። አውቶቡሱ አዳሩን ይወስዳል፤ ግን ተቀምጦ የሚኬድ መንገድ ጉልበት አያሳምም።

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለ። ዴኒስ ይቅር ብሎኛል፤ በአንቺ ስም ግን ይቅር ሊለኝ አይችልም። አንቺ ካልታረቅሽኝ ያን ቀን ማን ሆኜ እሺ እላለሁ?

አምላክ የልብሽን መሻት ይፈጽምልሽ። የምትገቢበት ቤት ሰላም፣ የምትወልጃቸው ጤነኞች፣ ባልሽም አንቺን የሚሰማ ይሁን።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት እደውላለሁ። አንሺው። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፤ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ ቀላቅለሽም ቢሆን። ምንም ብትዪ አላርምሽም።

አጎትሽ