ቦታዋን የለቀቀችው ዜሮ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 12። ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው። የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ ባለቤቴ፣ አዲሷ ዲዛይነርና እኔ ነበርን።

እታለም፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እኛ ደህና ነን፤ ሥራውም ሞልቶልናል።

ከተገነጣጠሉ መጻሕፍት የለቃቀምኳትን በኮምፒውተር የመንደፍ ሙያ ታውቂያለሽ። እያንዳንዱ ነጥብ ዜሮ ከምንላት መነሻ ተነስቶ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ተለክቶ ይገኛል። ዛሬ የቁም ሳጥኑን በሮች እንደ ልማዴ ዜሮዋ ከነበረችበት ከክፍሉ ጥግ ለክቼ ቁጥሩን ብጽፍ፣ ስክሪኑ ላይ በሮቹ ከሳጥኑ ርቀው ባዶ ቦታ ላይ ቆሙ።

«በሮችሽ ጎረቤት ሄዱ!» ብሎ ባለቤቴ ሳቀ።

«እትዬ፣ ዜሮዋን እኮ ትናንት ወደ ሳጥኑ ጥግ አዛውረናታል» አለች ልጅቷ። «ለሥራ ይቀላል ብለን ነው።»

«ብለን?» አልኩ።

«ትናንት ስናመሽ» አለ እሱ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ጎበዝ ልጅ ናት፤ አልዋሽሽም። እኔን እርስዎ፣ እሱን አንተ ትላለች። ድሮ ልኬት ሲምታታበት የሚጠራው እኔን ነበር። አዲስ ሸሚዝም ገዝቷል፤ ያምርበታል።

ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ። ለእኔ አታስቢ። እህትሽ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት። ደብዳቤው ሳይታሸግ አደረ። ዛሬ ሁለቱንም ቀድሜ ገባሁና ዜሮዋን ወደ ክፍሉ ጥግ መለስኳት። በሮቼን እንደገና ስጽፍ ልክ ቦታቸው ገቡ። ዜሮዋ ብትመለስም፣ እነሱ አብረው ከሣሉት ግን አንዲት መሥመር እንኳ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ወንበሬን አንስቼ በእሱና በእሷ ወንበር መሃል አስገባሁና ተቀመጥኩ።