እጅህን አሳየኝ

ውድ የድንቢጥ እናት፣

ልጃችንን ታክም የነበረችውን ባለሙያ የሥራ ፈቃድ ለማስነጠቅ ያዘጋጀሽው አቤቱታ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚህ ወረቀት ጎን ተቀምጧል። አልፈረምኩትም። ምክንያቱን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ፎጣና ስለ ካልሲ ቀባጥሬ ዘጋሁት። ፊት ለፊትማ ጭራሽ አልሞክረውም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢው አትቅደጂው፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊው።

እንደምታውቂው፣ እኔ በፋብሪካው ምግብ ቤት በየቀኑ ለሁለት መቶ ሰው የማበስል ሰው ነኝ። ሳህኑ ተጠርጎ ሲመለስልኝ ጉራዬ አይቻልም። ቤት ስገባ ግን የገዛ ልጄ ከሦስት ብስኩትና ከአንድ ብርጭቆ ወተት ሌላ ነገር አልነካም ትለኛለች። በአራት ዓመቷ ካሮት አንቋት ፊቷ የጠቆረ ዕለት፣ ጣቴን ጉሮሮዋ ድረስ ሰድጄ ቁራጩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሁሉ ጠላቷ ሆነ። ድንቢጥ ያልናት ስትለቅም አይተን ለቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ቀርቶ ስሙ ብቻ ተረፈ።

ሂፕኖቴራፒ የሚባል ሕክምና አለ ስትዪኝ የሳቅኩትም እኔ ነኝ። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ግራጫው ወንበር አጠገብ ቆሜ ባለሙያዋን "ልጄን አስተኝተው ሊያበሏት ነው?" አልኳት።

"እንቅልፍም አይደለም፣ ድግምትም አይደለም" አለችኝ። "ሁሉን ትሰማለች። ፍርሃቱ ጋብ ሲልላት ምግቡን በሐሳቧ ቀርባ ታየዋለች፣ ሌላ ምንም የለም።" ከዚያ ድንቢጥ ፊት በርከክ አለችና "ዓይንሽን ስትጨፍኚ ማንም ሰው አፍሽ ውስጥ ምንም ነገር አያስገባም። በሩ ያንቺ ነው፤ ቁልፉም አንቺ ጋ ነው" አለቻት።

"አባዬም?" አለች ድንቢጥ።

"አባዬም።"

እኔም ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ "እኔም!" ብዬ ማልኩላት። ሦስታችሁም ሳቃችሁ።

ለውጡ ቀስ ብሎ መጣ። ዓይኗን ጨፍና፣ አሥር ደረጃ ቆጥራ ትወርድና በሐሳቧ አንድ ጓሮ ትገባለች። እዚያ የፈለገችውን ታሸታለች፣ ያልፈለገችውን ትገፋለች። ለሳምንታት ከሐሳብ አላለፈም። በስድስተኛው ሳምንት፣ ዓይኗን ከገለጠች በኋላ፣ ራሷ ጠይቃ የብርቱካን ክፋይ ከንፈሯን አስነካች። በሰባተኛው ግማሽ ሙዝ በላች። ግማሽ ሙዝ! አንቺ ኮሪደር ወጥተሽ አልቅሰሽ ስትመለሺ አፍንጫሽ ቲማቲም መስሎ ነበር።

ያን ሰሞን ነው ሐኪሙ በወሩ መጨረሻ ሁለት ኪሎ ካልጨመረች በአፍንጫዋ የምግብ ቱቦ እናስገባለን ያለን። ባለሙያዋ "አትቸኩሉ፣ በሩን ራሷ ትክፈተው" አለች። አንቺ እሺ አልሽ። እኔ ግን ሆዴ እሺ አላለም።

ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንቺ እህትሽ ዘንድ ሄደሽ ነበር። ባለሙያዋ ያሳየችንን የዓይን መጨፈን ልምምድ ቤት ውስጥ የማስደርጋት ተራው የእኔ ነበር። ካሮት ቀቅዬ፣ ከወተት ጋር ፈጭቼ፣ ሁለቴ አጠለልኩት። ሽታው እንዳይሰማት አቀዘቀዝኩት፤ ቅዝቃዜው እንዳያስደነግጣት ደግሞ መልሼ የሰውነት ሙቀት ያህል አሞቅኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ምግብ የለም። አንዴ ከቀመሰችልኝ ትወደዋለች ብዬ ነበር፤ ትዕቢት ነው። አሥሩን ደረጃ ቆጠርኩላት። ፊቷ ለሰለሰ፣ ከንፈሯ ትንሽ ተከፈተ። ማንኪያውን አስገባሁት።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ማንኪያውን፣ ቀጥላ እጄን፣ በመጨረሻ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ምላሷን በእጅጌዋ ትጠርግ ጀመር፤ መላልሳ ጠረገችው። "ይቅርታ ድንቢጤ" ብዬ ስጠጋት ሸሸችኝ። ለእናትሽ አትንገሪ አላልኳትም። ግን ማንኪያውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ መሳቢያ ውስጥ ስከተው በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ማክሰኞ ግራጫውን ወንበር ስታይ አስመለሳት። ዓይኔን አልጨፍንም አለች። አንቺ አንቱታውን እርግፍ አድርገሽ ትተሽ "ልጄን ምን አድርገሻት ነው?" ብለሽ ባለሙያዋ ላይ ጮህሽባት። እሷ ወደ እኔ ዞረችና "ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለ?" አለችኝ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምንም" አልኩ። ድንቢጥ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ወደ ጫማዋ አቀረቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስኩቱንም ተወችው።

ይኸው ሆስፒታል ከገባችሁ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ተለጥፎ፣ እንቅልፍ እንኳ ሲወስዳት አንድ እጇን አፏ ላይ ጭና ነው። ሐኪሙ ሂፕኖቴራፒውን እንደገና እንሞክረው ሲልሽ "ሞቼ እገኛለሁ! ያቺ ሴትዮ ናት ልጄን ያበላሸችብኝ" አልሽው። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ጣራ ጣራውን አየሁ።

በየእሁዱ ስመጣ፣ ገና በሩን ሳልፍ፣ "አባዬ፣ እጅህን አሳየኝ" ትለኛለች። መዳፌን ገልብጬ አሳያታለሁ። አንቺ "ይቺ የጽዳት ተቆጣጣሪ!" እያልሽ ትስቂያለሽ፤ ከነርሶቹ የለመደችው ይመስልሻል። ንጽሕናዬን አይደለም የምታየው። ማንኪያ አለመያዜን ነው።

ያለፈው እሁድ አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ ጠራችኝ። ቱቦው ድምፅዋን አሻክሮታል።

"አባዬ፣ ለእማዬ አልነገርኳትም እኮ።"

"ለምን የኔ እናት?"

"ከነገርኳት ታባርርሃለቻ።"

ሰባት ዓመቷ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እኔን ከመባረር ስትጠብቅ ከርማለች። አንቺ ውኃውን ይዘሽ ስትገቢ ፊትህ ምን ሆነ አልሽኝ፤ ጉንፋን ነው አልኩሽ።

ለባለሙያዋም ዛሬ ጠዋት ጽፌላታለሁ፤ ቀኑንም፣ ካሮቱንም፣ ውሸቴንም አልደበቅኩም። ተመልሳ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም። ብትመጣስ ድንቢጥ ሰው ታምናለች? እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ ተስፋ ቆርጫለሁ። አንቺንም ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ምን አፍ አለኝ? ውጣልኝ ካልሽኝ እወጣለሁ። ብቻ የወጣሁት እሷ ስለተናገረች እንዳይመስላት፤ ራሴ መናገሬን ንገሪያት።

ባለሙያዋን ግን አስጠሪያት፣ በልጃችን እለምንሻለሁ። አንድ ቀን ድንቢጥ ዓይኗን ልጨፍን ካለች፣ አባትሽ ከክፍሉ ወጥቷል፣ ከኮሪደሩም ወጥቷል፣ ግቢው ውስጥ ነው በያት። ካላመነችሽ መስኮቱን ክፈቺላት። እዚያ ታች፣ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኗን እስክትገልጥ ድረስ እቆምላታለሁ።

የድንቢጥ አባት