ሾርባው የጾም ነበር

ጽዮን፣

ማርያምን! ከዚህ በታች አንዲት ውሸት የለችም።

ሥራ ገብቻለሁ። ምስር ወጥ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው ወንበር ለምኛለሁ፤ ግማሹ ሕንፃ ወንበሩን አስረክቦኛል።

የእናትሽ መርዶ ከመጣ ወዲህ እህል አልቀመስሽም። ቬትናሞች ፎ የሚሉት ሾርባ ከበሬ አጥንት ነው የሚሠራው ብለው ስለነገሩሽ፣ "ለእማዬ ብዬ የያዝኩትን ፍልሰታ ገድፌ ገደልኳት" ትያለሽ።

ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው ቬትናሞቹ ምግብ ቤት የወሰድኩሽ እኔ ነኝ። ሥጋ የሌለውን፣ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ ያለበትን ያዘዝኩልሽም እኔ ነኝ። ግን ዝም ብዬ አላዘዝኩም! ኩሽና ድረስ ገብቼ ምግብ አብሳዩን በገዛ ቋንቋው አፋጠጥኩት። ሰባት ድስት አስከፍቼ ቀመስኩ። "ጋሼ፣ እንጉዳይና ሽንኩርት ብቻ ነው" ብሎ በእናቱ ማለልኝ። እንደ እኔ ሾርባ የሚለይ ሰው እዚያው ቬትናምም የለም።

ስለዚህ ጾምሽን አልገደፍሽም። እናትሽም በአንቺ አልሞቱም።

ያን ቀን ስትበዪ እያየሁ የሳቅኩት…
ተዪው። ምሳሽን ብዪ።

ኢሳያስ

ከሥሩ፣ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ፦

ጽዮን፣ ወንበር ላደርስ መጥቼ ይህን አነበብኩ። ያን ቀን ምግብ ቤቱ አብሬያችሁ ነበርኩ። ጋሽ ኢሳያስ ከወንበሩ አልተነሳም። አስተናጋጇ "ሾርባው የበሬ ነው" ስትለው አንቺ እጅሽን ልትታጠቢ ሄደሽ ነበር። እሱ "እንዳትነግሪያት" ብሎ ጠቀሳት። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ጥሩነህ