እማ ስለ አንተ ስትጠይቅ

ውድ አባቴ፣

እማ አሁን ከእኔ ጋር ራማት የዲዲም ሰፈር ናት። አንተ ሳለህ መርሳቷን በጨዋታ ትሸፍንላት ነበር፤ እኔ ግን አላወቅኩበትም። ጧት ጧት «ቢምረውስ ወዴት ሄደ? ምነው ቀረሳ?» ትለኛለች። መጀመሪያ መሞትህን እነግራት ነበር። በነገርኳት ቁጥር መርዶው አዲስ ይሆንባታል፤ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። ትንሽ ቆይታ ለምን እንዳለቀሰች ትረሳዋለች፣ ኀዘኑ ግን ፊቷ ላይ ይውላል።

አንድ ቀን ልጄ ኦዲያ አላስችል አላት። ያቺ የልጅ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አንጎል ነው የምትማረው።

«ኢማ፣ ዳይ፣ በቃ! ለሳቭታ ሁልጊዜ ዛሬ እንደሞተ ነው» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ እኔን «ኢማ»፣ አያቷን «ሳቭታ» ነው የምትለን።

ከዚያ አስረዳችኝ። አንድ ነገር ሲደርስብን የአንጎላችን ሕዋሶች እርስ በርስ ይነጋገራሉ አለች፤ ነገሩ ሲደጋገም ወይም ልብ ሲነካ መገናኛቸው ይጠነክራል፣ አዲስም ይበቅላል። ትዝታ ማለት ይኸው ነው። የእማ ሕመም አዲሱን ነገር የሚይዙትን ሕዋሶች ጎድቷቸዋል። ዱሮ የጸናው ግን ገና አለ።

«ታዲያ ልዋሻት?» አልኳት።

«አትዋሺያት። ጠይቂያት።»

በማግስቱ እማ ስትጠይቀኝ «አንቺስ የት የሄደ ይመስልሻል?» አልኳት።

«እንደ ልማዱ የግቢውን ዛፎች ሊያጠጣ ነዋ! ከባሕር ካልሄደ» አለችና ሳቀች። ነታንያ በገባችሁ ሰሞን ባሕሩን ልታሳያት ወስደሃት፣ ማዕበሉ አንድ ጫማህን ይዞት ሲሄድ ከነሱሪህ ዘለህ ገባህ አሉ! «ተወው ብለው፣ መንግሥት የሰጠኝን ጫማ እንዴት እተዋለሁ አለኝ።» አባቴ፣ ይህን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ እጠይቃታለሁ፤ አንተን እንደ አዲስ እያወቅኩህ ነው።

ባለፈው ዓርብ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ሊገባ ሲል ጠረጴዛውን እያሰናዳሁ፣ እማ ድንገት ቀና ብላ «ቢምረው ሞቷል፣ አይደል?» አለችኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ፣ እማ።»

ደረቷን ትደቃለች ብዬ ስፈራ፣ እጄን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችኝ።

«አንቺንስ ማን አጽናናሽ?»

ከሺቭዓው፣ ከሰባቱ የኀዘን ቀን ወዲህ ለእሷ ስል እንባዬን ውጬ ነበር። ያን ቀን ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩልህ። እንዴት እንዳወቀች ኦዲያም ልትነግረኝ አልቻለችም። እማ ግን ጸጉሬን እየዳበሰች «አይዞሽ የኔ ልጅ» ትለኝ ነበር።

በል አባቴ፣ በሰላም እረፍ። ለእማ እኔ አለሁላት፤ እሷም አለችልኝ።

ልጅህ ብዙዓየሁ
ነታንያ